ፒዲ-ኤል1 ስለ ምን ይመሰክራል? ከመርክል ሴል ካንሰር የሚገኝ ትምህርት



ካንሰር የተገኘበት ሰው ሐኪሙን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው «ከእንግዲህ ምን ይጠብቀኛል?» የሚለው ነው። ሕክምናም ለዚህ መልስ ሲፈልግ ብዙ ዘመን ደክሟል፤ የዕጢውን ስፋት ለክቷል፣ ወደ ንፍፊት መግባት አለመግባቱን መርምሯል፣ የታማሚውን ዕድሜ ቆጥሯል። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ደግሞ ሌላ ዓይነት መልስ መጥቷል። በዕጢው ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ተመርምሮ «ታይቷል» ወይም «አልታየም» ተብሎ በውጤት ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ታማሚውም ቤተሰቡም ያንን አንድ ቃል እንደ ፍርድ ያነቡታል። እኔ ዛሬ የምሞግተው ይህን አነባበብ ነው። ፒዲ-ኤል1 የሚባለው ይህ ምልክት ካንሰሩና የሰውነት መከላከያ ምን ላይ እንደ ደረሱ ይመሰክራል እንጂ የካንሰሩን ክፋት በራሱ አይለካም፤ ስለዚህ ትርጉሙ እንደ በሽታው፣ እንደ ታማሚውና እንደ ተጠየቀው ጥያቄ ይለያያል። ለማስረጃ የመረጥሁት መርክል ሴል ካርሲኖማ የሚባለውን እምብዛም የማይታይ የቆዳ ካንሰር ነው፤ ነገሩ እንደዚህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ካንሰር ጥቂት ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ስሙን የወሰደው ጀርመናዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ፍሪድሪክ መርክል በ1875 ከገለጻቸው፣ የንክኪ ስሜትን ከሚያስተላልፉ የቆዳ ሕዋሳት ነው፤ ካንሰሩ በእርግጥ ከእነዚህ ሕዋሳት ይነሣ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካንሰሩን ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ የገለጸው ሲሪል ቶከር የተባለ ፓቶሎጂስት ሲሆን ዘመኑም 1972 ነው። በአሜሪካ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከ2000 እስከ 2013 የተመዘገቡት ታማሚዎች በ95 በመቶ ጨምረው በዓመት ወደ 2,500 ተጠግተዋል። ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ፣ ማለትም በፊት፣ በአንገት ወይም በክንድ ላይ፣ ጠጠር ያለ፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ሆኖ ይወጣና በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ሕመም ስለሌለው ታማሚው ንቆ ይተወዋል፤ ሐኪምም ተራ የቆዳ እብጠት ሊመስለው ይችላል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። 9,387 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ካንሰሩ በቆዳ ላይ ብቻ ሳለ ከተገኘባቸው መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት 51 በመቶ፣ ወደ ንፍፊት ከገባባቸው 35 በመቶ፣ ወደ ሩቅ አካል ከተሠራጨባቸው ደግሞ 14 በመቶ ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው በሌላ ምክንያት የሞቱትም በዚህ ስሌት ውስጥ መግባታቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህን ካንሰር ለክርክራችን ምቹ የሚያደርገው ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ያሉት መሆኑ ነው። በ2008 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ከባልደረቦቻቸው ጋር ዐሥር ዕጢዎችን መርምረው በስምንቱ ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ፤ መርክል ሴል ፖሊዮማ ቫይረስም ተባለ። እነዚሁ ሁለቱ ናቸው በ1994 ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ያገኙት። ቫይረሱ በራሱ አስፈሪ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ሳያውቀው አብሮት ይኖራል። ካንሰር የሚመጣው የቫይረሱ ዘረ መል ከሕዋሱ ዘረ መል ጋር ተቀላቅሎ፣ ቲ አንቲጅን የሚባለውን ፕሮቲን ያለ ማቋረጥ እያመረተ ሕዋሱን ለማያቆም መራባት ሲዳርገው ነው። ሁለተኛው መነሻ የፀሐይ ጨረር ነው። ቫይረስ የማይገኝባቸው ዕጢዎች፣ በተለይ ፀሐይ በሚበረታባት በአውስትራሊያ በርከት የሚሉት፣ በጨረር በተጎዳ ዘረ መል የተሞሉ ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ የሚቆጠረው የዘረ መል ስሕተት ቫይረስ ባለባቸው ዕጢዎች ከሚቆጠረው ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ለሰውነት መከላከያ የሚታይ ነገር ያቀርባሉ፤ አንዱ የቫይረስ ፕሮቲን፣ ሌላው በጨረር መልኩ የተለወጠ የራስ ፕሮቲን። መከላከያው በዚህ በሽታ ላይ ያለው ድርሻ ትልቅ መሆኑ በሌላም በኩል ይታወቃል። የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩና የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለዚህ ካንሰር የተጋለጡ ናቸው። በአንድ የ2013 ጥናት ከሦስት ዓመት በኋላ በዚህ ካንሰር ሳይሞቱ የተገኙት መከላከያቸው ከተዳከመው 40 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተዳከመው ግን 74 በመቶ ነበሩ።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። ቲ ሕዋስ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በቫይረስ የተያዘን ወይም የተበላሸን ሕዋስ ለይተው ይገድላሉ። እንዲህ ያለ ኃይል ልክ ካጣ የራስን አካል ስለሚጎዳ ሰውነት ማብረጃ ያስፈልገዋል፤ ከእነዚህ ማብረጃዎች አንዱ በ1992 ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በኪዮቶ ያገኙት ፒዲ-1 ነው። ፒዲ-1 በቲ ሕዋሱ ገጽ ላይ ይገኛል፤ አጣማሪው ፒዲ-ኤል1 ደግሞ በሌሎች ሕዋሳት ገጽ ላይ። ሁለቱ ሲገናኙ ቲ ሕዋሱ ይበርዳል። የመከላከያ ኬላ የምንለው ይህንን ነው። ጤነኛ ሰው በዚህ ኬላ ይጠበቃል፤ ካንሰር ግን ያንኑ ኬላ ለራሱ መሸሸጊያ ያደርገዋል። ግንኙነቱን በመድኃኒት ቢያቋርጡት ቲ ሕዋሱ ሥራውን ሊቀጥል እንደሚችል መታወቁ የካንሰር ሕክምናን ለውጦታል፤ ሆንጆም ሌላ ኬላ ካጠናው ከጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ከዚህ ተነሥቶ የሚያስብ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ይመስላል፤ ፒዲ-ኤል1 የካንሰሩ መከለያ ከሆነ፣ መከለያ ያለው ካንሰር ከሌለው የከፋ መሆን አለበት። በአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንዲህ ያለ ውጤት አሳይተዋል። በመርክል ሴል ካንሰር ላይ በ2013 የታተመ ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ። ተመራማሪዎቹ ከ49 ታማሚዎች የተወሰዱ 67 ናሙናዎችን መርምረው በ49 በመቶዎቹ ታማሚዎች ፒዲ-ኤል1ን በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ አዩት፤ አጭር ዕድሜ የገጠማቸውም ምልክቱ የሌለባቸው ታማሚዎች ሆነው ተገኙ። ከዚህም ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ምልክቱ የት እንደ ታየ ነው። ምልክቱ ከታየባቸው 29 ናሙናዎች በ28ቱ ፒዲ-ኤል1 የተከማቸው ነጭ የደም ሕዋሳት በሰፈሩበት ሥፍራ ነበር። ቫይረስ ካለባቸው ዕጢዎች እኩሌታው ምልክቱን ሲያሳዩ፣ በዚያ ጥናት ውስጥ ቫይረስ ከሌለባቸው ግን አንዱም አላሳየም።

ይህ እንቆቅልሽ የሚፈታው ፒዲ-ኤል1 በሕዋሱ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ስናውቅ ነው። ቲ ሕዋሳት ዕጢው ውስጥ ገብተው ጠላታቸውን ሲለዩ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫሉ፤ የካንሰሩ ሕዋስም ይህን ሲያገኝ ፒዲ-ኤል1ን ያወጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጥቃቱ፣ ከዚያ መከለያው። ሰው በሩን በመቀርቀሪያ የሚዘጋው ደጁ ላይ ኮቴ ሲሰማ እንደሆነ ሁሉ፣ የተቀረቀረ በር የቤቱን ጥንካሬ ከመንገሩ በፊት ደጁ ላይ ሰው መኖሩን ይነግረናል። ምልክቱ የሌለበት ዕጢም ገር ስለሆነ ሳይሆን የሚያሰጋው ቲ ሕዋስ ስላልመጣበት ሊሆን ይችላል። ይህን ትርጓሜ የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለ። በ2011 የታተመ ጥናት የዕጢዎችን የዘረ መል እንቅስቃሴ ከመረመረ በኋላ ግኝቱን በ146 ታማሚዎች ናሙና ፈትኖታል። ገዳይ የሆኑት ሲዲ8 ቲ ሕዋሳት ወደ ዕጢው ውስጥ በብዛት ዘልቀው ከተገኙባቸው 26 ታማሚዎች በዚህ ካንሰር የሞተ አልነበረም፤ ሕዋሳቱ በጥቂቱ ከተገኙባቸው ወይም ካልተገኙባቸው 120 ታማሚዎች ግን በካንሰሩ ሳይሞቱ የቀሩት 60 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ዕድሜን ያራዘመው የቲ ሕዋሳቱ መግባት ነው፤ ፒዲ-ኤል1 የመግባታቸው ምስክር ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የበሽታውን የወደፊት አካሄድ የሚመለከት ነው። ከዚህ ጋር ዘወትር የሚደባለቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ይህ መድኃኒት ለዚህ ታማሚ ይሠራል?» የሚለው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። ምልክቱ ረጅም ዕድሜን እያመለከተ ስለ መድኃኒቱ ምንም ላይናገር ይችላል፤ የዚህ ግልባጭም ይሆናል። መርክል ሴል ካንሰር ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት ካንሰሩ ለተስፋፋባቸውና ቀደም ሲል ለዚህ ደረጃ መድኃኒት ላልወሰዱ 26 ታማሚዎች ፔምብሮሊዙማብ የተባለው ፒዲ-1ን የሚያግድ መድኃኒት ተሰጠ፤ ውጤታቸው ከተገመገመው መካከል የ56 በመቶዎቹ ዕጢ በሚለካ መጠን ቀነሰ ወይም ጠፋ። ቫይረስ ካለባቸው 62 በመቶ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 44 በመቶ ምላሽ ሰጡ። ፒዲ-ኤል1 መኖር አለመኖሩ ግን ማን ምላሽ እንደሚሰጥ አልለየም። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት አቬሉማብ የተባለው ፒዲ-ኤል1ን የሚያግድ መድኃኒት ኬሞቴራፒ ወስደው በሽታው በተመለሰባቸው 88 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ወደ 32 በመቶው ምላሽ ሰጠ። ምልክቱ ካለባቸው 34.5 በመቶ፣ ከሌለባቸው 18.8 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ወደ ምልክቱ ያደላ ይመስላል፤ ነገር ግን ምልክቱ የሌለባቸው 16 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ በዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ መፍረድ አይቻልም። ደግሞም መከለያውን የሚያነሣው መድኃኒት መከለያው አልታየባቸውም በተባሉት ላይ ጭምር መሥራቱ ምርመራው ያላየው ነገር እንዳለ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2017 አቬሉማብን ሲያጸድቅ የፒዲ-ኤል1 ምርመራን ቅድመ ሁኔታ ያላደረገውም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ምርመራው ያላየው ምንድን ነው? አንደኛ፣ አቀማመጥ። በ2018 የታተመ ጥናት ፔምብሮሊዙማብ የወሰዱ ታማሚዎችን ናሙና በርካታ ቀለማት ባለው ዘዴ መርምሮ፣ ፒዲ-1 ያላቸው ሕዋሳት ፒዲ-ኤል1 ካላቸው ጎን ተጠግተው መገኘታቸው ከመድኃኒቱ ምላሽ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በዕጢው ሕዋስ ላይ ብቻ «አለ፣ የለም» የሚለው ቆጠራ ይህን ጉርብትና አያይም። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ሌሎች መሸሸጊያዎች አሉት። ቲ ሕዋስ ጠላቱን የሚለየው ሕዋሱ በገጹ ላይ በሚያቀርብለት ናሙና ነው፤ በ2014 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት የመርክል ሴል ዕጢዎች 84 በመቶው ይህንን ማቅረቢያ ቀንሰው ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ዕጢ ላይ ኬላውን ማንሣት ብቻውን ምን ይፈይዳል? ቲ ሕዋሱ የሚያየው የለምና። ሦስተኛ፣ ቫይረሱን የሚለዩት ቲ ሕዋሳት ራሳቸው ከፒዲ-1 ሌላ ቲም-3 የሚባል የድካም ምልክት ተሸክመው ተገኝተዋል። አንዱ ኬላ ቢነሣ ሌላው ሊያቆማቸው ይችላል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በ49 ሰው ናሙና ምን ይረጋገጣል?» የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እምብዛም በማይታይ በሽታ ብዙ ሰው መሰብሰብ አዳጋች ነው፤ ናሙናዎቹም ለዓመታት የተቀመጡ፣ ከተለያየ ደረጃ ካሉ ታማሚዎች የተወሰዱ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ምርመራው ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ፒዲ-ኤል1ን በቀለም የሚያሳዩት ፀረ እንግዳ አካላት የተለያዩ ናቸው፤ ኤስፒ142 የተባለው በካንሰር ሕዋስ ላይ ጥቂት ሲያሳይ፣ ከአቬሉማብ ጋር የተሠራው 73-10 ብዙ ያሳያል። አንዱ ላቦራቶሪ የካንሰሩን ሕዋሳት ብቻ ሲቆጥር ሌላው ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይጨምራል፤ አንዱ ከመቶ አንድ ሕዋስ ቢገኝ «አለ» ሲል ሌላው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እነዚህ ድክመቶች ግን ድምዳሜዬን የሚደግፉ እንጂ የሚያፈርሱ አይደሉም። ቁጥሩ በቀለሙና «አለ» በሚያሰኘው መቁረጫ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በአንድ ሰው ዕጣ ላይ እንዲፈርድ ሥልጣን ልንሰጠው አይገባም። በአንጻሩ የቲ ሕዋሳት መግባት በጎ ምልክት መሆኑ በአንድ ጥናት ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። የዘረ መል ምርመራው፣ የናሙና ቆጠራውና መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች የሚገጥማቸው ውጤት ከሦስት አቅጣጫ ተነሥተው ወደ አንድ ያመራሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ካንሰር ይመጣል፤ «ፒዲ-ኤል1 መድኃኒት ለመምረጥ በግልጽ የሚያገለግልበት በሽታ አለ፤ ታዲያ ስለምን ታጣጥለዋለህ?» ይባላል። እውነት ነው፣ አለ። በሰኔ 2018 ፔምብሮሊዙማብ ኬሞቴራፒ ላልገታው የማኅፀን በር ካንሰር ሲፈቀድ ፒዲ-ኤል1 ለታየባቸው ሴቶች ብቻ ነበር። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ምልክቱ ከታየባቸው 77 ሴቶች 14.3 በመቶዎቹ ምላሽ ሲሰጡ፣ ካልታየባቸው ግን አንዲትም አልሰጠችም። የማኅፀን በር ካንሰርም እንደ መርክል ሴል ካንሰር በአብዛኛው ከቫይረስ የሚነሣ ነው። ያው ምልክት፣ ያው መድኃኒት፣ ሁለት የቫይረስ ካንሰሮች፤ በአንዱ ምልክቱ መግቢያ በር ሲሆን በሌላው እምብዛም አያገለግልም። እኔ ምልክቱን አላጣጥልም፤ የምለው በእያንዳንዱ በሽታ ውስጥ እንደገና መመስከር አለበት ነው። ከአንዱ ካንሰር የተገኘውን ትርጉም ወደ ሌላው ማሻገር በማስረጃ እንጂ በግምት አይሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «መድኃኒቱ ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም የሚሰጥ ከሆነ መመርመሩ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። የሚጠቅመው ዛሬም ብዙ ታማሚዎች ተገቢውን ምላሽ ስለማያገኙ ነው። ኬላን የሚያነሣ መድኃኒት ጉዳት አልባ አይደለም፤ የነቃው መከላከያ የታይሮይድ ዕጢን፣ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ሳንባን ሊያጠቃ ይችላል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ባደረገ ሰው ላይ ደግሞ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዲጥለው ሊያደርግ ይችላል፤ ለዚህ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ማን እንደሚጠቀም ቀድሞ ማወቅ እንዲህ ላለው ታማሚ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሌላም ጥቅም አለ። በ2020 በታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በፊት ኒቮሉማብ የተባለውን መድኃኒት ወስደው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው 36 ታማሚዎች በ17ቱ፣ ማለትም በ47 በመቶው፣ በተቆረጠው አካል ውስጥ በሕይወት ያለ ካንሰር አልተገኘም፤ ይህም ውጤት በፒዲ-ኤል1 መኖር አለመኖር አልተወሰነም። አንድ ምልክት ይህን ያህል ስኬት ሊተነብይ ካልቻለ፣ የምርምሩ ሥራ ቫይረሱን፣ ሲዲ8 ሕዋሳትን፣ አቀማመጣቸውንና የታማሚውን የመከላከያ ሁኔታ አንድ ላይ የሚያነብ ዘዴ መፈለግ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሳችን ወገን የሚነሣ ነው፤ «ከአሜሪካ ታማሚዎች ከ90 በመቶ በላይ ነጮች የሆኑበት በሽታ እኛን ምን አገባን?» ካንሰሩ ጥቁር ቆዳ ያለውን ሰው አልፎ አልፎ እንደሚይዝ አስታውሼ ልለፈው፤ ዋናው መልስ እርሱ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። አገሪቱም በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የመከላከያ ክትባቱን መስጠት ጀምራለች። ካፖሲ ሳርኮማም ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው። ሁለቱም ከቫይረስ የሚነሡ፣ የመከላከያ መዳከም የሚያብሳቸው ካንሰሮች ናቸው። እምብዛም በማይታየው በሽታ የተማርነው፣ ማለትም ምልክቱን ከመነሻውና ከመከላከያው ሁኔታ ነጥሎ ማንበብ እንደሚያሳስት፣ ለእነዚህም ይሠራል። ገንዘብና የላቦራቶሪ አቅም ባጠረበት አገር ደግሞ የተሳሳተ አነባበብ ዋጋው ይከብዳል፤ ውድ መድኃኒት ለማይጠቅመው ይሰጣል ወይም ሊጠቅመው የሚችለው ተስፋ ይቆርጣል።

እንግዲህ «ፒዲ-ኤል1 ታይቷል» ወይም «አልታየም» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ሐኪሙን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። በዚህ በተያዝሁበት ካንሰር ይህ ምልክት ምን እንደሚያመለክት በጥናት ታውቋል? የሚያመለክተው የበሽታውን አካሄድ ነው ወይስ የመድኃኒቱን ምላሽ? የተመረመረውስ በምን ዘዴና በየትኛው መቁረጫ ነው? ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ ያ ቃል ገና ያልተተረጎመ መረጃ ነው፤ ተስፋም ስጋትም ሊጫንበት አይገባም። መርክል ሴል ካንሰር እንዳስተማረን፣ የካንሰሩ መከለያ ሆኖ የሚታየው ነገር ሰውነት መታገል መጀመሩን ሊያበስር ይችላል፤ የመከለያው አለመታየትም ሰውነት ካንሰሩን ገና አለማየቱን ሊናገር ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ማስረጃ ነው፤ ያንን ማስረጃ አሟልቶ የማቅረብ ኃላፊነቱም የሐኪሙና የላቦራቶሪው ነው።